ሦስት ጣት እስኪገባ

እትዬ ተሾመች የመንደራችን ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ይህን ስል ደረት እየደቁ መጮህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጩኸትማ ማንም ይጮሃል። እሳቸው ግን ሟቹን ከተኛበት አንሥተው፣ ልብሱን አልብሰው፣ በሬውን አስጠምደው በለቀስተኛው ፊት ያቆሙት ነበር። አባይነህ የሚባል ገበሬ አጨዳ ሊጀመር ሲል ሞተና ከሬሳው አጠገብ ቆመው፣

ገብሱ ደረሰልህ ተነሥ አባይነህ፣
ማን ሊያጭድልህ ነው አንተ እንዲህ ተኝተህ?

ብለው ባወረዱ በማግስቱ፣ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረው ጎረቤቱ ሳይቀር ማጭዱን ይዞ እማሳው ላይ ተገኘ። ከሞላሌ በታች ባለው አገር ሁሉ ሰው ሲያጣጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው "ተሾመች አገር ውስጥ አለች?" ብሎ ነው፤ ቄሱን የሚያስጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሥላሴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሆኖም እናታቸው ሲሞቱ እሳቸውም በቅሎ ልከው ያስመጡት ተሾመችን ነው።

እኔ ወደዚያ መንደር የተዳርኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አማቴ እትዬ ጥሩሸዋ የተሾመች ጎረቤትም፣ የጡት እኅት ያህልም ነበሩ። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነበር፤ እሱም ሲረግጡት ኖረው መሐሉ ላይ ፈርሷል። አዲስ ሙሽራ በሽማግሌ ፊት ስለማትናገር የኔ ሥራ መላላክና ማየት ነበር። መላላኩን ጠላሁት፤ ማየቱን ግን ማንም አልከለከለኝም።

እትዬ ተሾመች አንድ ልጅ ነበራቸው፤ መኳንንት ይባላል። ውርጭ ገብሳቸውን አከታትሎ ቢያቃጥልባቸው ልጁ ፈለቀ ከሚባል ጓደኛው ጋር ጥጥ ሊለቅም ወደ አዋሽ በረሃ ወረደ። "ለፋሲካ እመጣለሁ" ብሎ ነው የሄደው። ፋሲካ መጣ፣ እሱ አልመጣም። ከበረሃ የሚመለስ ሰው ሲገኝ እናቱ መንገድ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ የሚመለስላቸው ሁሌም "ደህና ነው፣ ሌላ እርሻ ላይ ነው" የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው ጥርሳቸውን መንከስ የለመዱት። የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ፊት ለፊታቸው እቀመጥ ነበርና አየዋለሁ፤ እንዝርቱ ሲሽከረከር ጆሮ ግንዳቸው ሥር ያለው ሥጋ ቋጠሮ ይመስል ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ምንም አያኝኩም። ባዶ አፋቸውን ነው የሚያደቁት። ማታ ማታ ሲያፋጩ ድምፁ በካቡ ተሻግሮ ይሰማል ብላ አማቴ ትስቅ ነበር። ትስቅ ነበር ያልኩት አማቴን ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳስታውሳቸው አንቱታው ያመልጠኛል።

መጀመሪያ ቆሎ ሲቆረጥሙ "ቀጭ" ማለት ጀመረ። ሳቅንባቸው። ከዚያ ከጆሯቸው ፊት ያለው ቦታ ያማቸው ጀመር፤ ከዚያ ጆሯቸው፣ ከዚያ ራሳቸው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ሙሾ ሊያወርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ አገጫቸው ወደ ግራ ተንሸራትቶ ቆመ። እሳቸው መንጋጋቸውን በመዳፋቸው ገፍተው መለሱና፣ ቃላቸው እየተንተባተበ፣ ያንን ለቅሶ እንደምንም ጨረሱት።

ጥርስ ነው ተባለ። በእኛ አገር ከአንገት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጥርስ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ዓይን ነው። ጥርስ ነቃዩ ፈንታ ጉጠቱን ይዞ መጣና አንዱን መንጋጋ ጥርስ ነቀለ። እጄ ላይ አስቀምጦልኝ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ቀዳዳ የለው፣ ጥቁረት የለው። ፈንታም አገላብጦ አየውና "እንግዲህ ጎረቤቱ ይሆናላ" አለ። ጎረቤቱንም ነቀለ። እሱም ነጭ ነው። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ከሱ አፍ ነበር የምነቅለው፤ እትዬ ተሾመች ግን ደማቸውን እየተፉ አመሰገኑት። ሕመሙ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ፈለቀ ከበረሃ የተመለሰው ያን ሰሞን ነው። ቀጥታ ወደ መንደር አልገባም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቆይቶ አባ ገብረ ሥላሴን አስጠራ። ወባ ነው አለ። መኳንንት በገባ በጥቂት ወሩ አልፏል፤ ራሱ ፈለቀ ነው የቀበረው። ሽማግሌዎቹ በአማቴ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ ጠላ የምቀዳው እኔ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ። በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል፣ የሚረዳው ሰው ደህና መሆኑ ይታያል። እስከዚያ ድረስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም።

"እንዴት አድርገን ነው የምናረዳት?" አሉ አባ ገብረ ሥላሴ። "የሰው ሁሉ አልቃሽ ናት። አፏ ታስሮ የልጇን ሞት ብትሰማ፣ ጮኻ ካላወጣችው፣ ልቧ ይፈነዳል።"

"እንዴት ተደርጎ!" አሉ አማቴ። "ልጇን በወጉ ሳታለቅስለት? ሕመሟ ይሻላት። አፏ ይከፈት። ያኔ ትረዳለች።"

ሁሉም "እውነት ነው" አሉ። እኔም ያኔ እውነት መሰለኝ። መርዶው መንጋጋ እስኪድን ተቀጠረ፤ ፈለቀም እስከዚያ ከዓይናቸው ርቆ ዘመዶቹ ዘንድ እንዲቆይ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ ታለቅሱም ትስቁም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሾመችን መንጋጋ ለማዳን ተነሣ። አንዱ ቅቤ ያመጣል፣ አንዷ ከዘመሮ ማዶ የመድኃኒት ሥር አስቆፍራ ትመጣለች፣ አባ ገብረ ሥላሴ ጠበል ይዘው ይመላለሳሉ። ሰላምታ እንኳ በወጉ የማይሰጧቸው ሰዎች በራፋቸው ላይ ቆመው "እንዴት አደሩ፣ አፍዎ እንዴት ነው?" ይላሉ። እትዬ ተሾመች በጠበበ አፋቸው፣ "ለመንጋጋ እንዲህ ከሆናችሁ ብሞትማ ምን ልትሆኑ ነው?" ብለው ይቀልዱ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ሲያዩ ቆዩና ያ ጆሮ ግንዳቸው ሥር ያለው ቋጠሮ ብቅ አለ። ያን ቀን ጎረቤት ካመጣላቸው ወጥ አንድ ጉርሻ እንኳ አልጎረሱም።

በመጨረሻ በበቅሎ ጭነን መሐል ሜዳ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ስንቅ የያዝኩት እኔ ነኝ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰሩ ዓምደሚካኤል የሚባል፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነበር። ደጁ ላይ የተሰለፈው በሽተኛ ብዛት አያድርስ ነው፤ ቢሆንም አላመናጨቀንም።

"መዳፍዎን ጉንጭዎ ላይ፣ ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ያድርጉ" አላቸው። "አሁን ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ተሰማዎት?"

"ይንቀጫቀጫል።"

"እሱ ነው። የመንጋጋው መገጣጠሚያ ነው፤ እንደ ጉልበት፣ እንደ ክርን። ጥርስዎ ምንም አልበደለም።" አማቴ የተነቀሉትን ሁለቱን አስበው መሰለኝ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ማታ ይታመም የለ? እርስዎም መንጋጋዎን አሳርፈውት አያውቁም። ጥርስና ጥርስ የሚገናኘው ሲያኝኩ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይላቀቅ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ይረፍ።"

መርፌ የለውም አለ፤ ለዚህ የሚሆን መርፌ የለም። ጨው በጨርቅ ቋጥሮ አሙቆ ከጆሮ ፊት ማድረግ፣ ያን የሚያብጠውን ሥጋ በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት። ቆሎ እርም ነው፤ አጥሚት፣ ገንፎ፣ በሶ ተበጥብጦ። ሲያዛጉ አገጭን በእጅ ደግፎ። ጩኸትም ለጊዜው ይቅር። ከዚያ ጣቱን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በጥርሳቸው መሐል ለካ፤ አንድ ጣት ብቻ ገባ፣ ሁለተኛው አልገባም። "ሦስት ጣት እንዲህ ተደራርቦ ከገባ ድነዋል ማለት ነው" አለ።

እሳቸው ወደ በቅሏቸው ሲሄዱ ድሬሰሩ አማቴን አስቀረ። "ጥርሳቸውን እንዲህ የሚያስነክሳቸው ምንድን ነው? ሐሳብ አለባቸው?"

አማቴ መሬት መሬት እያዩ ነገሩት። ድሬሰሩ እጁን በፎጣ ጠረገ።

"ብትነግሯቸው ይብስባቸዋል ወይስ ይሻላቸዋል፣ እኔ አላውቅም" አለ። "ይህን ያስተማረኝ የለም።" ከዚያ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ወደ መንደር እንደተመለስን አማቴ ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ጨው ያሞቃሉ፣ ያሻሉ፣ በሶ ይበጠብጣሉ። እትዬ ተሾመችም የተባሉትን ሁሉ ያደርጋሉ፤ ሲፈትሉ "ጥርስ ይላቀቅ" እያሉ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። እውነትም ሠራ። ክረምቱ ሳይገባ ሁለተኛው ጣት ገባ። ጆሯቸው ማመሙን ተወ። ያ አንሸራታች አገጭ እየተስተካከለ ሄደ።

ወሬው በመንደሩ ተሰራጨ። "ስንት ጣት ገባ?" የማይል ሰው የለም። ከገበያ የሚመለሰው፣ እርሻ የሚወርደው፣ ውኃ የምትቀዳው ሁሉ "ስንት ጣት ገባ?" ይላል። አባ ገብረ ሥላሴ ሳይቀሩ ከቅዳሴ ወጥተው ይጠይቁ ነበር። "ሁለት" ሲባሉ "እሰይ" ይላሉ፣ ግን እሰይ የሚል ሰው ፊት አልነበራቸውም። አንድ ቀን ሦስተኛው ጣት ጫፉ ገባ። ጣቱ የአማቴ ነው። "እልል በይ" ብለው ወደ እኔ ሲዞሩ አመዳቸው ቡን ብሎ ነበር። እልልታው አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ መንጋጋው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሦስተኛው ጣት እምቢ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። አማቴ ጨዉን አብዝተው ያሞቁ ጀመር፤ ሌላ ምን ያድርጉ? "ውርጭ መትቷት ይሆን?" ይላሉ። "ዓይን ይሆን?" ይላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሞቀውን ጨው ይዤ በካቡ ተሻግሬ ሄድኩ። ቤት ውስጥ የሉም። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ የምትመታው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። አፋቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቋቋል። ቆሎ ነው። በዚያ በሚያማቸው በኩል፣ ያውም ጠንካራውን መርጠው፣ ይቆረጥማሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ እሳቸው ይቆረጥማሉ።

"እትዬ!" አልኩ። "ምን ሆነው ነው? እርም ተብለው የለም?"

አልደነገጡም። የያዙትን ውጠው ከጎናቸው እንድቀመጥ በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉልኝ።

"ያን ቀን ሦስተኛው ጣት ሲገባ የአማትሽን ፊት አየሽው?" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ በገባበት ቤት ነው የኖርኩት፣ ልጄ። መርዶ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ። ወጥ ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚይዘው አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ አንቺም እንዳትነግሪኝ።" ከጎናቸው ካለው ሰፌድ ላይ ቆሎ ዘገኑ። "ይህ አፍ የተከፈተ ለት መኳንንት ይሞታል። እስከዚያ አዋሽ ነው ያለው። ጥጥ ይለቅማል።"

"እትዬ፣ መንጋጋዎ እኮ..."

"ለአማትሽ እንዳትናገሪ። በልጅሽ፣ በምትወልጂው ልጅ ይዤሻለሁ።"

የሞቀው ጨው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ምን ላድርግ? ለአማቴ ብናገር ያው በማግስቱ ሰው ተሰብስቦ ሊያረዳቸው ነው። ዝም ብል ዓይኔ እያየ መንጋጋቸውን ሊሰብሩት ነው። ከላይኛው በኩል ሽማግሌዎቹ አፏ እስኪከፈት ብለው ይጠብቃሉ፣ ከታችኛው በኩል እሳቸው እንዳይከፈት ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ እኔ መሐል ላይ ጨው ተሸክሜ እመላለሳለሁ። እንዲህ ያለ ከንቱ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ በአማቴም፣ በአባም፣ ጥጥ በሚባለው ነገርም። ንዴቴ ለማንም አልጠቀመም። በየቀኑ ጨዉን አሙቄ ወሰድኩ፣ እሳቸውም ለወጉ ያህል ጉንጫቸው ላይ ያደርጉት ነበር።

ክረምቱ ሲያልፍ አንድ ጣት በመከራ ነበር የሚገባው። ያኔ አባ ገብረ ሥላሴ ትዕግሥታቸው አለቀ። "የልጁ አርባ አለፈ፣ መንፈቁ አለፈ" አሉ። "ነፍሱ ያለ ተዝካር ትንከራተት ወይ? የእናቱ አፍ ቢድንም ባይድንም ነገ ይነገራታል።" አማቴ ተከራከሩ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ።

ጎሕ ሲቀድ ጉሙ ገና ካቡ ላይ ተኝቶ ነበር። ሰዉ ኩታውን ተከናንቦ ድምፅ ሳያሰማ ግቢውን ሞላው። የሚቀሰቅሳቸው ሰው አላስፈለገም። እትዬ ተሾመች መቀነታቸውን አጥብቀው ታጥቀው በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እንጃ። ዓይናቸው ከአባ ገብረ ሥላሴ አልፎ በሕዝቡ መሐል ፈለቀን ፈልጎ አገኘው።

"ተሾመች ልጄ" አሉ አባ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ሌላ አልተናገሩም። ሴቶቹ ጮኹ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። እናት ሳትጀምር ማን ይጀምራል? ያውም ይህች እናት። እትዬ ተሾመች ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ወደ መሐል ገቡ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

አንድ ጣት ያህል ሄደና አገጫቸው ወደ ግራ ተንሸራትቶ ቆመ።

እጃቸውን አወረዱና ገፉት። አልሄደም። በሁለት መዳፋቸው ወደ ታች ሳቡት። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ፤ አሁን እንዲከፈት ፈልገዋል። ያን ሁሉ ወር የዘጉትን አሁን በሙሉ ጉልበታቸው ይጎትቱታል። አማቴ ሮጠው ደርሰው ድሬሰሩ እንዳሳያቸው በጣታቸው ከጆሯቸው ፊት ያሹላቸው ጀመር። "ክፈቺው እኅቴ" ይላሉ፣ "አሁን ክፈቺው፣ አሁን ነው፣ በእመቤቴ!" እኔ ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ። ጨው የለ፣ እሳት የለ፣ ቢኖርስ ምን ሊሆን።

መግፋቱን ተዉት። እጃቸውን እንደገና ዘረጉና በተዘጋ ጥርሳቸው አወረዱ። ዜማው ተሰማ፤ ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃሉ ግን አልወጣም። ሴቶቹ የት ጋ እንደሚቀበሉ ጠፋቸው፤ አንዷ ቀድማ ትቀበላለች፣ ሌላዋ ዘግይታ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተዉት። እትዬ ተሾመች ብቻቸውን ቀጠሉ። ረጅም ነበር። የማንንም ሙሾ እንዲያ አርዝመው አያውቁም። ከሁሉም የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፣ የሰማሁት ግን የልጃቸውን ስም ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የሚጠብቁት ነገር ስላልነበረ ጥርሳቸውን መንከስ ተዉ፣ መንጋጋቸውም ማንም ሳያሸው ላላ። በዓመቱ ሦስቱም ጣት ገባ፤ ያኔ "ስንት ጣት ገባ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ሲጠሯቸው ይሄዳሉ፣ ጥግ ይቀመጣሉ፣ አያወርዱም። አንድ ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች እሳት ዳር ሆነው አማቴ ፈራ ተባ እያሉ፣ "ተሾመች፣ ለመኳንንት ያን ቀን ምን ነበር ያልሽለት? እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ እንኳ ልያዘው" አሏቸው።

እትዬ ተሾመች እሳቱን ቆሰቆሱ።

"ረሳሁት" አሉና፣ ድሬሰሩ እንዳስተማራቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው አዛጉ።